ሃርድዊክን ያነጸች እመቤት

የሰው ልጅ ስሙ ከዕድሜው አልፎ እንዲቆይ ይመኛል። አንዱ በልጆቹ፥ ሌላው በጦር ሜዳ፥ ሌላውም በጻፈው መጽሐፍ ስሙን ያስጠራል። በድንጋይና በመስተዋት ስማቸውን ያቆዩም አሉ። ከእነዚህ አንዲቱ በእንግሊዝ አገር ደርቢሻየር በተባለው አውራጃ የሃርድዊክን ታላቅ ቤት ያሠራችው እመቤት ኤልሳቤጥ ናት። የአገርዋ ሰው ቤስ እያለ ይጠራታል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራታለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቤት የባለቤቱን ጠባይ ይናገራል። ቈጣቢው በቍጠባው፥ ፈሪው በአጥሩ፥ እንግዳ ወዳዱም በአዳራሹ ስፋት ይታወቃል። የሃርድዊክም ቤት እንዲሁ የአንዲትን ሴት ሕይወት ከመሠረት እስከ ጣራ ይተርካል። ስለዚህ አሠራሩን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ የባለቤቲቱን ኑሮ መመልከት ያስፈልጋል።

ቤስ የተወለደችው በ1527 ገደማ ነው። አባትዋ ጆን ሃርድዊክ መጠነኛ ርስትና በኮረብታ ላይ የቆመ ተራ ቤት የነበረው ሰው ነበር። እርስዋ ገና ጡት ሳትጥል በ1528 ሞተ። በዚያ ዘመን በነበረው የእንግሊዝ ሕግ፥ ባለርስት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ትቶ ሲሞት፥ ልጁ እስኪያድግ ድረስ የርስቱን ገቢ የንጉሡ ሹማምንት፥ ወይም ሞግዚትነቱን ከእነርሱ የገዛ ሰው ይወስደው ነበር። የቤስ ወንድም ጄምስ ሕፃን ስለ ነበረ የቤተ ሰቡ ኑሮ በባዕድ እጅ ወደቀ። ለሴቶች ልጆቹ አባታቸው በኑዛዜ የተወላቸው ለጋብቻ የሚሆን 40 ማርክ ለእያንዳንዳቸው ነበር፤ ይህም 27 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ከዚህ የልጅነት ችግር ቤስ አንድ ነገር ተማረች፤ ይኸውም በሕግ ያልታሰረ ሀብት እንደ ጉም በኖ የሚጠፋ መሆኑን ነው።

ገና በልጅነትዋ ሮበርት ባርሊ ለተባለ፥ በዕድሜ ለሚያንሳት የጎረቤት ልጅ ዳሩዋት። ባልዋ ግን በ1544 መጨረሻ ሞተ። ሕጉ ለመበለት ከባልዋ ርስት ገቢ ሢሶውን ይሰጣት ነበር። ነገር ግን ርስቱን የያዙት ሰዎች ድርሻዋን ከለከሏት። ይህች የ17 ዓመት መበለት አርፋ አልተቀመጠችም፤ በፍርድ ቤት ተሟገተች፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ ድርሻዋን አገኘች። ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ የተገኘው ትምህርት ግን ዕድሜ ልክዋን አገለገላት።

በ1547 ሰር ዊልያም ካቨንዲሽ የተባለውን የመንግሥት ሹም አገባች። እርሱም በዕድሜ 20 ዓመት ያህል ይበልጣት ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የእንግሊዝን ገዳማት ዘግቶ ርስታቸውን በወሰደ ጊዜ ካቨንዲሽ ከሒሳብ መርማሪዎቹ አንዱ ነበር፤ በዚያም ሥራ ባለጸጋ ሆኖአል። ባልና ሚስቱ በደቡብ የነበራቸውን መሬት ሽጠው ወደ ቤስ አገር ወደ ደርቢሻየር ዞሩ፤ በ1549 ቻትስዎርዝ የተባለውን ርስት በ600 ፓውንድ ገዙ። በዚያም ታላቅ ቤት ማሠራት ጀመሩ። ቤስ የሒሳብ መዝገብ አያያዝን፥ የድንጋይንና የእንጨትን ዋጋ፥ የግንበኛንም ጠባይ ያወቀችው በዚህ ጊዜ ነው። ስምንት ልጆች ወልዳ ስድስቱ አደጉላት።

በ1557 ካቨንዲሽ ሲሞት ከ5,000 ፓውንድ የሚበልጥ የመንግሥት ዕዳ ተወባት። ቻትስዎርዝን ሸጣ ዕዳውን እንድትከፍል የሚያስገድድ ጭንቅ ሆነ። እርስዋ ግን ቤቱን አልለቅም ብላ ዓመታት ተከራከረች። በ1559 የንግሥት ኤልሳቤጥ የዘብ አዛዥ የነበረውን ሰር ዊልያም ሴንት ሎን አገባች፤ በዚህም ምክንያት ከዕዳው ብዙው ተማረላት። እርሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሞት ሀብቱን ለእርስዋ ተወላት። እንዲህ ሆኖ አርባ ዓመት ሳይሞላት ሦስት ባሎች ቀበረች፤ በእያንዳንዱም ኀዘን በኩል ርስትዋ እየሰፋ ሄደ።

አራተኛው ባልዋ ጆርጅ ታልቦት፥ የሽሩዝበሪ ኧርል፥ በመንግሥቱ ውስጥ እጅግ ሀብታም ከሆኑት መኳንንት አንዱ ነበር። ጋብቻው እንዲጸና በ1568 ሁለት ልጆችዋን ከኧርሉ ሁለት ልጆች ጋር አጋባች፤ ከሙሽሮቹም አንዲቱ ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያ ዘመን በመኳንንት ዘንድ የልጅ ጋብቻ የርስት ውል ነበርና ማንም አላደነቀውም።

በ1569 ግን በቤታቸው ላይ ከባድ ሸክም ወደቀ። ከአገርዋ ሸሽታ እንግሊዝ የገባችውን የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪን በግዞት እንዲጠብቅ ንግሥት ኤልሳቤጥ ኧርሉን አዘዘችው። ግዞቱ በእርሱ እጅ 15 ዓመት ያህል ቆየ። መጀመሪያ ቤስና ሜሪ አብረው እየተቀመጡ ጥልፍ ይጠልፉ ነበር። ዘመኑ እየረዘመ ሲሄድ ግን የወጪው ብዛት፥ የንግሥቲቱ ቍጣ ፍርሃት፥ የሰውም ሐሜት ባልና ሚስቱን አጣላቸው። ኧርሉ ሚስቴ ገንዘቤን በቻትስዎርዝ ግንብ ላይ ፈጀችው እያለ ይከስ ጀመር፤ በ1584 ታጣቂዎች አስከትሎ ቤቱን ለመያዝ እስከ መሄድ ደረሰ። ቤስ 30 ዓመት የደከመችበትን ቤት ትታ ሸሸች።

ወዴት ሸሸች ቢባል፥ ወደ ተወለደችበት ኮረብታ ነው። ወንድምዋ ጄምስ በዕዳ ተይዞ በ1581 በእስር ቤት ሞቶ ነበር፤ እርስዋም በ1583 የአባትዋን ርስት በልጅዋ በዊልያም ስም በ9,500 ፓውንድ ገዝታዋለች። አሁንም ሕጉን አልረሳችም። ቻትስዎርዝ እርስዋ ስትሞት ለማትወደው ለበኵር ልጅዋ ለሄንሪ የሚያልፍ ነበር። ሃርድዊክ ግን ለምትመርጠው ልጅ የምታወርሰው ነው። ስለዚህ በ1587 የአባትዋን አሮጌ ቤት ማስፋት ጀመረች። ይህ ሥራ እየተቀጠለ ስለ ተሠራ፥ መስኮቱ ከመስኮት፥ ክንፉም ከክንፍ የማይመሳሰል ሆነ።

በኅዳር ወር 1590 ኧርሉ ሞተ። ቤስም ለመበለት የሚገባትን ድርሻ ተቀበለች፤ በመንግሥቱ ውስጥ ከንግሥቲቱ ቀጥሎ እጅግ ባለጸጋ ከሆኑት ሴቶች መካከል ተቈጠረች። በዚያው ዓመት አሮጌው ቤት ገና ሳያልቅ፥ ከእርሱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ የአዲሱ ቤት መሠረት ተቈፈረ። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖአታል። አብዛኛው ሰው መቃብሩን በሚያስብበት ዕድሜ እርስዋ መሠረት ጣለች።

የአዲሱን ቤት ፕላን የነደፈው ሮበርት ስሚዝሰን እንደ ሆነ ይታመናል። ስሚዝሰን ከድንጋይ ጠራቢነት ተነሥቶ የሕንፃ ሊቅ ለመሆን የበቃ፥ ሎንግሊትንና ዎላተንን በመሳሰሉት ታላላቅ ቤቶች ላይ የሠራ ሰው ነው። በዚያ ጊዜ የአርክቴክት ሙያ ገና ራሱን የቻለ ሥራ አልነበረም፤ ባለቤቱ፥ ፕላን ነዳፊውና ግንበኛው ተመካክረው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ የሃርድዊክ አሳብ የስሚዝሰን ብቻ ሳይሆን የቤስም ነው ማለት ይቻላል።

ዕቃው የመጣው በአብዛኛው ከገዛ ርስትዋ ነው። ድንጋዩ ከዚያው ከኮረብታው ሥር ተፈለጠ። እንጨቱ ከደንዋ ተቈረጠ። ለጣራው የሚሆን እርሳስና ለመስኮቱ የሚሆን መስተዋት ከራስዋ መሬትና ፋብሪካ ተገኘ። የሠራተኛውም ሒሳብ በመዝገብ እየተጻፈ ይቀርብላት ነበር፤ እርስዋም እየመረመረች በእጅዋ ትፈርምበት ነበር። እነዚያ መዝገቦች አልጠፉም፤ ግንበኛው፥ አናጢውና ለሳኙ ምን ያህል እንደ ተከፈለው ዛሬም ይነበብባቸዋል።

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንቅረብ። ሃርድዊክን ከሩቅ ያየ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው መስተዋቱን ነው። በዚያ ዘመን መስተዋት እጅግ ውድ ስለ ነበረ፥ ብዙ መስኮት ማሠራት ወርቅ በግድግዳ ላይ እንደ መለጠፍ ይቈጠር ነበር። ከጥቂት ትውልድ በፊት የኖሩት መኳንንት ጠላት ይፈሩ ስለ ነበረ ግንባቸው ወፍራም፥ መስኮታቸው ጠባብ ነበር። ቤስ ግን ጠላት ሊያፈርሰው የማይችለውን ምሽግ በሕግ ወረቀት ሠርታለችና፥ ድንጋዩን ቀንሳ ብርሃኑን አበዛች። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ የምዕራቡ ፊት በሙሉ እንደ እሳት ይነዳል።

የቤቱ ቅርጽ የተመዘነ ነው። መካከሉ ረጅም አራት ማዕዘን ሲሆን በዙሪያው ስድስት ማማዎች ይቆማሉ፤ ማማዎቹም ከጣራው በላይ አልፈው ይወጣሉ። ቀኙ ከግራው፥ ፊቱም ከጀርባው ጋር ይመሳሰላል። ይህን ሚዛን ለመጠበቅ ሲባል ከመስኮቶቹ አንዳንዶቹ ሐሰተኛ ናቸው፤ ከውጭ መስተዋት ሲታይባቸው ከበስተጀርባቸው ግንብ ወይም የጭስ መውጫ አለ። የጭስ መውጫዎቹም በአብዛኛው በውስጠኛው ግንብ ውስጥ ስለ ተሠሩ የውጩ ግድግዳ ለመስኮት ነጻ ሆኖአል። በማማዎቹም አናት ላይ ከኧርል ሚስት ዘውድ በታች ሁለት የላቲን ፊደላት በድንጋይ ተቀርጸው ይታያሉ፤ እነርሱም ኢ እና ኤስ፥ ማለት ኤልሳቤጥ ሽሩዝበሪ ናቸው። 40 ማርክ ብቻ የተሰጣት ልጅ ስምዋን ከሰማይ በታች ማንም ሊሰርዘው በማይችል ስፍራ ጻፈችው።

በሩን አልፈን ስንገባ ሌላ አዲስ ነገር እናገኛለን። በጥንቱ የእንግሊዝ ቤት ታላቁ አዳራሽ ከቤቱ ፊት ጋር ጎን ለጎን ተጋድሞ፥ የሚገባውም በአንድ ዳር ነበር፤ ጌታው ከሎሌዎቹ ጋር በዚያ ይበላ ነበር። በሃርድዊክ ግን አዳራሹ በቤቱ ልክ መካከል፥ ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግቶአል፤ ከደጁ የገባ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ እርሱ ይገባል። እንዲህ ያለው አሠራር በእንግሊዝ አገር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ምክንያቱም ጌቶች ከሎሌዎቻቸው ተለይተው በእልፍኛቸው መብላት በመጀመራቸው አዳራሹ የግብር ቤት መሆኑ ቀርቶ መግቢያ ሆኖአል። የኑሮው ለውጥ የግንቡን አቀማመጥ ለወጠው ማለት ነው።

ከአዳራሹ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ እየተጠማዘዘ፥ አንዴ በጨለማ አንዴ በብርሃን እያለፈ ወደ ላይ ይወጣል። ቤቱ ሦስት ደርብ አለው። ምድር ቤቱ ዝቅ ያለ ሲሆን የወጥ ቤቱና የሎሌዎቹ ነው። ሁለተኛው ከፍ ያለ ሆኖ የቤስና የቤተ ሰብዋ መኖሪያ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ረጅም ሆኖ ለክብር እንግዶች የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ መስኮቶቹም ወደ ላይ በሄዱ መጠን ቁመታቸው ይጨምራል። ከውጭ የቆመ መንገደኛ በመስኮቱ ቁመት ብቻ የነዋሪውን ማዕርግ መለየት ይችላል።

በላይኛው ደርብ ታላቁ እልፍኝ ይገኛል። በግድግዳው የላይኛው ክፍል ዙሪያውን በኖራ ልስን ተቀርጾ ቀለም የተቀባ ጫካ አለ፤ በጫካውም መካከል የአደን አምላክ ትባል የነበረችው ዲያና ከአጃቢዎችዋና ከአራዊት ጋር ትታያለች። ዲያና ድንግል ናት ይባል ስለ ነበር ይህ ሥራ ላላገባችው ለንግሥት ኤልሳቤጥ የተደረገ ውዳሴ ነው። ንግሥቲቱ ግን አንድም ቀን ወደ ሃርድዊክ አልመጣችም። ከእልፍኙ ቀጥሎ የቤቱን የምሥራቅ ፊት ከዳር እስከ ዳር የያዘ፥ ርዝመቱ 50 ሜትር ያህል የሆነ ሰገነት መሰል ክፍል አለ። ዝናብና ብርድ ሲሆን ሴቶቹ በዚያ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይመላለሱ ነበር።

በዚህ ረጅም ክፍል ግድግዳ ላይ የመስፍኑን የጌዴዎንን ታሪክ የሚያሳዩ 13 ታላላቅ የሱፍ ምንጣፎች ተሰቅለዋል። ቤስ በ1592 ከአንድ ሟች ባለሥልጣን ወራሽ የገዛቻቸው ናቸው። የሟቹ ዓርማ በላያቸው ተሠርቶ ስለ ነበረ እርሱን የመለወጫ ብላ ከዋጋው ላይ 5 ፓውንድ አስቀነሰች። ከዚያም አዲስ ከማሠራት ይልቅ የራስዋን ዓርማ በጨርቅ ላይ አስቀብታ በአሮጌው ላይ አሰፋችው። የሟቹ ዓርማ ቀንድ የሌላት ሴት አጋዘን ነበረች፤ ቤስም ቀንድ አስጨምራ የካቨንዲሽ ወገን ምልክት የሆነውን ወንድ አጋዘን አደረገቻት። በዚህ ትንሽ ነገር ቤስን በሙሉዋ እናያታለን፤ ለታላቅ ነገር ሺህ ታወጣለች፥ ለአምስት ፓውንድ ግን ትከራከራለች።

በጥቅምት ወር 1597፥ ዕድሜዋ 70 ዓመት ሲሆን፥ ወደ አዲሱ ቤት ገባች። ብርሃኑ ግን ዋጋ ነበረው። መስተዋቱ ሙቀት አይዝም፤ የኮረብታውም ነፋስ ብርቱ ነው። በ1601 የተጻፈው የዕቃ መዝገብ በመኝታ ቤትዋ በነፋስ ምክንያት በመስኮቱና በበሩ ፊት የሚሰቀል ወፍራም ጨርቅ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ቤቱ ለሚያየው ሰው ግርማ፥ ለሚኖርበት ሰው ብርድ ነበር።

ከብርዱ የሚብስ ግን ሌላ ነገር ነበር። የልጅዋ ልጅ አርቤላ ስቱዋርት በ1575 የተወለደች ስትሆን፥ በአባትዋ በኩል የእንግሊዝን ዙፋን ልትወርስ የምትችል ነበረች። አባትዋ በ1576፥ እናትዋም በ1582 ስለ ሞቱ ያሳደገቻት ቤስ ናት። አያትዋ ንግሥት እንድትሆን አስባ በሚገባ አስተማረቻት። ነገር ግን ሰው ሰርቆ እንዳይድራት ወይም እንዳያሸሻት ስለ ተፈራ በብርቱ ጥበቃ ሥር አዋለቻት፤ በአያትዋ መኝታ ቤት እንድትተኛ ተደረገ። ልጅቱ 27 ዓመት ሆኖአት እንኳ ብቻዋን ከቤት መውጣት አልተፈቀደላትም። በዘመኑ እንደዚያ ብዙ መስኮት ያለው ቤት እምብዛም አልነበረም፤ በውስጡ ግን አንዲት ሴት ዓለምን በመስተዋት ብቻ ታይ ነበር።

በ1602 መጨረሻ አርቤላ በምስጢር ባል ለማግኘት መልእክት ላከች፤ ነገሩም ተገለጠ። በ1603 ከሃርድዊክ ለማምለጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቤስ ተቈጥታ ከኑዛዜዋ ሰረዘቻት። በዚያው ዓመት ንግሥት ኤልሳቤጥ ሞታ የሜሪ ልጅ ጄምስ ነገሠ፤ አርቤላም ከአያትዋ ቤት ወጣች። በኋላ በ1610 ያለ ንጉሥ ፈቃድ ስላገባች ታሰረች፤ በ1611 የወንድ ልብስ ለብሳ አመለጠች፤ በባሕር ላይ ተያዘች፤ በ1615 በለንደን ግንብ እስር ቤት ሞተች። ያች እመቤት ድንጋይንና ወርቅን እንደ ፈቃድዋ ስታዝ ኖራ የገዛ የልጅዋን ልጅ ልብ ግን መያዝ አልቻለችም።

ቤስ እስከ መጨረሻ ማሠራትን አልተወችም። ግንባታ ያቆመች ዕለት ትሞታለች የሚል ትንቢት ተነግሮላት ነበር እየተባለ በአገሩ ይተረካል። እንደ ተረቱ ከሆነ በ1608 ክረምት ውርጩ ስለ በረታ ጭቃው ደርቆ ግንበኞቹ ሥራ ፈቱ፤ ውሃ አፍልተው ቢሞክሩም አልሆነም፤ እርስዋም ሞተች። የተረቱን እውነት መመስከር አይቻልም። እርግጡ ግን በዚያ ብርቱ ክረምት፥ በየካቲት 13 ቀን 1608፥ 80 ዓመት ገደማ ሆኖአት ማረፍዋ ነው። አካልዋ በደርቢ ከተማ፥ ዛሬ ካቴድራል በሆነው ቤተ ክርስቲያን፥ አስቀድማ ባሠራችው መቃብር ተቀበረ። በዚያው ከተማ ለ12 ድሆች መጠለያ አሠርታ ነበር።

ልጅዋ ዊልያም በ1618 የዴቮንሻየር ኧርል ሆነ፤ ትውልዱም በኋላ ወደ መስፍንነት ማዕርግ ከፍ አለ። ወራሾቹ ቻትስዎርዝን መርጠው በዚያ ስለ ኖሩ፥ ቻትስዎርዝን ከ1687 ጀምሮ አፍርሰው በዘመኑ ፋሽን እንደ ገና ሠሩት። ሃርድዊክ ግን ስለ ተረሳ ዳነ። ቤስም ምንጣፉና ጥልፉ ከቤቱ እንዳይወጣ በኑዛዜዋ ስላሰረች፥ ከመዝገቡ ላይ የሚነበበው ዕቃ ብዙው ዛሬም በስፍራው ይገኛል። በ1959 ቤቱ ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተሰጠ። አጠገቡ ያለው አሮጌው ቤት ጣራው ወድቆ ግድግዳው ብቻ ቆሞአል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህች ሴት ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። ፊተኛው፥ ችግር ላይ የተወለደ ሁሉ በችግር የሚሞት አለመሆኑን ነው። ቤስ መብትዋን ዐውቃ በፍርድ ቤት ቆመች፤ ሒሳብዋን በእጅዋ ያዘች፤ በ60 ዓመትዋም መሠረት ከመጣል አልፈራችም። ኋለኛው ግን ከፊተኛው ይከብዳል። ድንጋይ በተቀመጠበት ይቆያል፤ መስተዋት በተገጠመበት ያበራል፤ ሰው ግን በሌላው ፕላን የሚገነባ ግድግዳ አይደለም። ሃርድዊክን የሚያዩ ሁሉ ስለ ብርሃኑ ያመሰግናሉ፤ ከዚያ ብርሃን በስተጀርባ ተቀምጣ የመውጫዋን ቀን ስትጠብቅ የነበረችውን አርቤላን ግን መርሳት አይገባም። ቤት የሚሠራ ሰው ለመስኮቱ ቁመት እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፥ ለሚኖርበትም ሰው ነጻነት መጠንቀቅ አለበት።